«ጠባይዋ ነው» የተባለው ሙቀት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ አሮጌ መኪና ነው። የኢማም ረዳት ስለ ሞተር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ መኪና ውስጥ ስለሚገባ ሙቀት ቢመስልም ውስጡ የሕፃናት ነፍስ አለበት። ብዙዎቻችሁ የአባት ወይም የአጎት አሮጌ መኪና ትነዳላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ሰው ጭናችሁ እንጀራ ትበሉበታላችሁ። ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

እኛ አገር የአሮጌ መኪና ችግር ሁሉ አንድ መልስ አለው። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች፤ «ጠባይዋ ነው» ይባላል። ዳገት ላይ ትነጫነጫለች፤ ጠባይዋ ነው። ውስጧ እንደ ምጣድ ይግላል፤ እሱም ጠባይዋ ነው። መኪና ግን ጠባይ የላትም። ያላት ሰበብ ነው። ሰበቡን ያልፈለገ ሰው ነው «ጠባይ» የሚል ስም የሚያወጣለት።

የማወራችሁ መኪና የሸይኻችን ቮልስ ናት። የምንኖረው ደሴ ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሞተር ስትሆን ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። ቮልስን ለኢትዮጵያዊ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ መሆኑን ከትልልቆቻችን ያልሰማ የለም። የመጨረሻዋ የዚህች ዓይነት ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስለዚህ የምነግራችሁ የአንዲት መኪና ታሪክ ብቻ አይደለም።

ሸይኻችን አይነዱም። ለኒካሕ፣ ለጀናዛ፣ የተጣሉ ለማስታረቅ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡ፣ አንዳንዴም ወደ ባቲ ስንወርድ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። እሳቸው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሦስት ማዕዘኗን ትንሽ መስኮት ክረምት ከበጋ ከፍተው ነው የሚሄዱት። ከኋላ ባለቤታቸው እማማና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ይሆናሉ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ሙቀቱ ነበር። በቆላ በኩል ስንሄድ ፀሐይ ነው እንል ነበር። ግን ደሴም ሙቀቱ አልቀረም። ከታች፣ ከእግር በኩል ነው የሚመጣው። ጫማ ውስጥ ያለ እግር ይቀቀላል። እማማ አንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ ከታች እሳት ይነዳል እንዴ?» አሉኝ። ቀጥሎ ልጆቹ ማስመለስ ጀመሩ። እማማም ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። የልጆቹ ሕመም በሐረጎ ጥምዝምዝ ተሳበበ፤ «ሎሚ አሽትቷቸው» ተባለ። የእማማ ራስ ምታት ደግሞ በደም ግፊታቸው ተሳበበ። እያንዳንዱ ነገር የየራሱ ማብራሪያ ስለነበረው አንድ ላይ አያይዞ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ሙቀቱን ለአንድ ጋራዥ አሳየን። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ሙቀቱስ ስንለው «የቮልስ ጠባይዋ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ነው። መስኮት ክፈቱ» አለን። ሌላ ሰው ደግሞ ከእግር ሥር ሙቀት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በጨርቅ ጠቅጥቁ ብሎ መከረን። ሸይኻችን «እሳት በጨርቅ ይደፈናል?» ብለው ከለከሉን።

ነገሩን የፈቱት መካኒክ ሳይሆኑ እማማ ናቸው። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስንመለስ ደሴ መግቢያ ላይ ልጆቹን አውርደን ስናስመልሳቸው እንዲህ አሉ፦ «ይሄ ጥምዝምዝ ስንወርድም ያው ነው፤ ስንወጣም ያው ነው። ስንወርድ ደህና ናቸው። የሚያማቸው ስንወጣ ብቻ ነው።»

ሸይኻችን ዝም ብለው ቆዩና ወደ እኔ ዞረው «ሰማህ? ዒላውን ፈልግ እያሉህ ነው» አሉኝ።

ኡሱል የቀራችሁ ታውቁታላችሁ። ለአንድ ፍርድ ምክንያት የሚሆነው ነገር፣ ሲኖር ፍርዱ የሚኖር፣ ሲጠፋ ደግሞ ፍርዱ አብሮት የሚጠፋ ነው። ጥምዝምዙ የሕመሙ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ስንወርድም በታመሙ። ፀሐይ ቢሆን ጠዋት ባልታመሙ። ስንወጣ ያለ፣ ስንወርድ የሌለ ነገር ምንድን ነው? መልሱ አንድ ነው፤ የሞተሩ ልፋት። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ነው የሚያስወጣው። ሞተሩ ሲለፋ ብዙ ቤንዚን ይነዳል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ሙቀቱና ሕመሙ አንድ ላይ መጥተው አንድ ላይ የሚሄዱ ከሆነ የገቡበት በርም አንድ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸይኻችን አንድ ነገር ወሰኑ። እስኪጣራ ድረስ ልጆቹና እማማ በሚኒባስ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ አንድ ማለዳ ከሱብሒ በኋላ ብቻዬን ነድቼ እንድፈትሽ ተነገረኝ። የደሴ ማለዳ ብርዱን ታውቁታላችሁ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ወርጄ ወጣሁ። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ሙቀት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ዘንግ አለ፤ እስከ ታች ዘግቼዋለሁ። ዳገቱን ስጨርስ ቆሜ እጄን በእግር ሥር ወዳሉት ቀዳዳዎች አስጠጋሁ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። በግራ በኩል የጋለ አየር ይነፍሳል። ፀሐይ ገና ተራራውን አላለፈችም። እንግዲህ የፀሐይ ነገር በዚሁ ተዘጋ።

አሁን ቮልስ እንዴት እንደምትሞቅ ልንገራችሁ፤ ይህን ያላወቀ ቀሪው አይገባውም።

የአብዛኞቹ መኪኖች ሞተር በውሃ ይቀዘቅዛል። የድሮዋ ቮልስ ግን ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው። ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የሚዞር ቬንቲላተር አለ፤ በቺንጋ ይነዳል። አየር እየሳበ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ከዚህ አየር የተወሰነው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ወደ ታች ይወርዳል። ታች፣ በሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የላሜራ ሳጥኖች አሉ። በእያንዳንዱ ሳጥን መሐል የሞተሩ ጭስ ማውጫ ቱቦ ያልፋል። ጭሱ በቱቦው ውስጥ፣ ንጹሑ አየር በቱቦው ዙሪያ ይሄዳል። አየሩ የጋለውን ቱቦ እየነካ ይሞቅና ከበሮቹ ሥር ባለው ቦይ በኩል ወደ ሰው እግር ይደርሳል። በየሳጥኑ ጫፍ አንዳንድ መዝጊያ አለ። ዘንጉን ሲስቡት በመኪናዋ ሆድ የሚያልፍ የሽቦ ገመድ መዝጊያውን ይከፍተዋል። ሲለቁት ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ሲዘጋ የሞቀው አየር ውጭ ይፈስሳል።

አያችሁ? የምትተነፍሱት አየር ከሞተሩ ጭስ የሚለየው በአንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። መኪናዋ አዲስ ሳለች ይህ ምንም አይደለም። ብረት ግን ይዝጋል። በየክረምቱ ጭቃና ውሃ እየጠጣ፣ በየጉዞው እየጋለና እየቀዘቀዘ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቷል። ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ውስጥ ዘንጉ ተዘግቶ ሙቀት ከገባ ቢያንስ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መዝጊያው ዝጎ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም ገመዱ በቱቦው ውስጥ ተጣብቋል፣ ወይም ሞላው ወልቋል። ይህ ብቻ ከሆነ ችግሩ ምቾት ነው። ግድግዳውም ከተበሳ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ወሎ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘን። ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን የልጆቹንም ነገር ነገርኳቸው። ካቻቢቴያቸውን አስቀምጠው «ልጆቹ አሁንም በሷ ይሄዳሉ?» አሉኝ። «አይሄዱም» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሥራ ጀመሩ።

መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ከሥሯ ወፍራም ግንድ አስገቡ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ዘንጉን እስብና እለቃለሁ፤ እሳቸው ከታች ያያሉ። የቀኙ መዝጊያ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የግራው ንቅንቅ አይልም፤ ተከፍቶ ዝጓል። ቀጥሎ ሞተሩን ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሡና ጆሯቸውን ሰጡ። «ጪ ጪ ጪ» የሚል ቀጭን ድምፅ በግራ በኩል ይሰማል፤ ሞተሩ ሲግል ይጠፋል። ጭስ በጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ብረቱ ሲግል ተለጥጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ አቀዝቅዘው የግራውን ሳጥን ፈቱት። ቴስታታው ጋ ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ዙሪያው ጥቁር ጥላሸት ሆኗል። ሳጥኑን በባትሪ መብራት አሳዩኝ። መሐል ላይ፣ በጭሱ ቱቦ ጎን፣ ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች።

ሦስተኛ ነገርም አገኙ። በሞተሩ ዙሪያ፣ ከላይ ያለውን ክፍል ከታች ከማርሚታው የሚለይ ጎማ መኖር አለበት። ከጎማው የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ጎማው ሲጠፋ ቬንቲላተሩ ከታች የጋለውን አየርና ከማርሚታው የሚሾልከውን ጭስ ወደ ላይ ይስባል። ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይጠጣል፤ ጭሱም ወደ ማሞቂያው ቱቦ ይገባል። የኋላውን መቀመጫ ሲያነሡ ደግሞ ሥሩ ያለው የባትሪ መክደኛ የለም። የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሣል፤ የቮልስ ነገር የሚያውቁ ሁሉ የሚፈሩት ነው። እሱንም በጎማ ከደኑት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጭስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዓይን የሚያቃጥለውን፣ የሚሸተውን ነው። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ይህን ጋዝ ሁላችሁም በሌላ ስሙ ታውቁታላችሁ፤ «የከሰል ጭስ ገደላቸው» ሲባል የሚገድለው እሱ ነው። ብርድ ነው ብሎ የተቀጣጠለ ከሰል ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት ሳይነሣ የቀረበትን ታሪክ ያልሰማ ደሴዬ የለም። የቤንዚን ሞተርም ያንኑ ጋዝ ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞር ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ነው። ቦታውን ይይዝና አይለቅም። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደሙ ግን ኦክስጅን አያደርስም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ሰው ራሱን ያጣል። ሕፃናት ትንፋሻቸው ፈጣን ስለሆነ ቀድመው ይጎዳሉ። እንደ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ የባሰ ነው።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። ራስ ምታቱ ደም ግፊት ይመስላል። ማስመለሱ የመንገድ ጥምዝምዝ ይመስላል። እንቅልፉ ድካም ይመስላል፤ ልጅ መኪና ውስጥ ሲተኛ ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ሸይኻችን ያልታመሙት መስኮቷ ከአፍንጫቸው አጠገብ ስለነበረች ነው። ልጆቹ የታመሙት ከኋላ መቀመጫ ሥር ሙቀት የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ ስላለ ነው። ስለዚህ «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ሙቀቱን ያበርደዋል እንጂ በሩን አይዘጋውም። እንዲያውም ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሙቀቱ ባለውለታችን ነበር። ሽታ የሌለውን ጠላት ያሳየን እሱ ነው።

ጥገናው ላይ ሁለት መንገድ ቀረበልን። አንደኛው ደህና ሳጥን ፈልጎ፣ መዝጊያውን፣ ገመዱንና ሞላውን አድሶ ማሞቂያውን እንደ ፋብሪካው መመለስ ነው። መዝጊያ ብቻ የዛገበት ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ናፍጣ አጠጥቶ አሳድሮ በፒንሳ እያንቀሳቀሰ ያላቅቀዋል። የጭሱ ቱቦ የተበሳበት ሳጥን ግን ከውጭ ላሜራ ቢለጠፍበት አይድንም፤ ቀዳዳው ውስጥ ነውና። ያገለገለ ሳጥን የሚገዛ ሰውም የጭሱን ቱቦ አንድ ጫፍ ደፍኖ፣ በሌላው አየር ነፍቶ፣ እንደ ጎማ ካላማዳሪ በሳሙና ውሃ ሳይፈትሽ አይግዛ።

ሁለተኛው መንገድ ሳጥኖቹን ጨርሶ አውጥቶ በምትካቸው ባዶ ጭስ ማውጫ ቱቦ መግጠም ነው። ማሞቂያ በማይፈለግበት ሞቃት አገር ቮልስ በዚህ መልክ ትሠራለች። ሽማግሌው ከተፈታች ቮልስ የወጡ ሁለት እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ነበሯቸው። ደህና ሳጥን ግን አልተገኘም።

ሸይኻችን ተጠየቁ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የደሴ ብርድ አለ። ከብርዱ በላይ ደግሞ የክረምቱ ጉም አለ፤ የፊት መስታወቱን ከላቦት የሚያጸዳው ያው የሞቀ አየር ነው። ማሞቂያ የሌላት መኪና ሐምሌ ላይ መስታወቷ ይጋረዳል። እሳቸው ግን ብዙ አላሰቡም። «ብርድ ጋቢ አለው። ያኛው ምን አለው?» አሉ።

ሽማግሌው ቱቦዎቹን በአዲስ ጓርኒሲዮን ገጠሙ። ከቬንቲላተሩ ወደ ሳጥኖቹ ይወርዱ የነበሩትን ሁለት አፎች በላሜራ ክዳን ደፈኑ። ይህ አይረሳ! ክፍት ከቀሩ ለሲሊንደሮቹ የሚደርሰው ንፋስ በከንቱ ይባክናል፤ ሞተሩ ይግላል። ከበሮቹ ሥር ወዳለው ቦይ የሚገቡትን ሁለት ጫፎችም ዘጉ። የሞተሩን ዙሪያ ጎማ አዲስ አደረጉ። ከኋላ መቀመጫ ጀርባ፣ ሞተሩን ከሰው በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ የተቀደደውን የሙቀት መከላከያ ቀየሩ።

ከዚያ እኔ ብቻዬን ወርጄ ወጣሁ። እግሬ ቀዝቃዛ፣ ራሴም ደህና። በሌላ ቀን ሸይኻችን ከኋላ ተቀምጠው፣ መስኮት ዘግተው፣ ራሳቸውን መፈተሻ አድርገው ወጡ። ከዚህ በኋላ ነው እማማና ልጆቹ የተሳፈሩት። ሐረጎ ያው ሐረጎ ነው፤ ጥምዝምዙ አልተቃናም። ልጆቹ ደሴ እስኪደርሱ መኪና ይቆጥሩ ነበር። የእማማም ራስ ምታት በዚያ መንገድ ላይ አልተመለሰም። ዒላው ሲወገድ ፍርዱም ተወገደ። ክረምት ላይ አሁን ደረቅ ጨርቅ በሩ ኪስ ውስጥ አለ። ትንሿን መስኮት እንከፍታለን፣ ጉሙ ሲበረታ ቆመን እንጠብቃለን። ዋጋው ይሄ ነው፤ ከፍለነዋል።

«የኔ መኪና ቮልስ አይደለችም» ለምትሉ ሁለት ቃል ልጨምር። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላቸው እንደ ላዳና እንደ አሮጌ ኮሮላ ያሉ መኪኖች ማሞቂያቸው የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ የጋለ ውሃ ነው። ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ቧንቧ አለ። ብዙ ሾፌር ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል ትኩሳቱን ለመቀነስ ማሞቂያውን ይከፍታል። አሮጌ ቧንቧ ከተከፈተ በኋላ ላይዘጋ ይችላል። ያኔ ዓመቱን ሙሉ እግር ሥር ምድጃ ይዞ መዞር ነው። ከሞተር የሚመጣውን የውሃ ጎማ ሁለቱም ቱቦዎች ሲግሉ ዳስሶ ማወቅ ይቻላል፤ ማሞቂያው ተዘግቶ ሁለቱም እኩል ከጋሉ ቧንቧው አልዘጋም። ቧንቧው ይቀየር።

ሙቀቱ ከቧንቧው ካልሆነ ወደ ጭሱ ተመልከቱ። ጋቢናውን ከሞተሩ በሚለየው ግድግዳ ላይ ሽቦና ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ጎማቸው ሲወልቅ የሞተሩ ሙቀትና ጭስ በነሱ ይገባል። የካምቢዮው ዘንግ ሥር ያለው ጎማ ሲቀደድም እንዲሁ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ የተሠራው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ሲወድቅ ወለሉ ይግላል። ጣሪያ የሌላቸው ትንንሽ የድሮ የስፖርት መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ካርማን ጊያ መልኳ የስፖርት ይሁን እንጂ ሞተሯም ማሞቂያዋም የቮልስ ነው። ሰማይ ከላይ ተከፍቶ እግር ከታች የሚቃጠለው ሙቀቱ ከሰማይ ስላልመጣ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሸራው ይዘጋል፤ ያኔ ያችም እንደማንኛዋም ዝግ ቤት ናት።

በአጭሩ፣ መኪናችሁ ውስጥ የማይገባችሁ ሙቀት ካለ ይህን አድርጉ፦

አንደኛ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ መስኮት ከፍታችሁ ብቻችሁን ነድታችሁ ፈትሹ። ያኔም ከጋለ ፀሐይን ተዉት።

ሁለተኛ፣ ከየትኛው ቀዳዳ፣ ከየትኛው ጎን እንደሚመጣ በእጃችሁ ለዩ። «መኪናው ይግላል» ለመካኒክ ምንም አይነግረውም፤ «ዘግቼው በግራ በኩል ይነፍሳል» ግን ግማሽ ጥገና ነው።

ሦስተኛ፣ ተሳፋሪዎቻችሁን ጠይቁ። ራስ የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ከወረደ በኋላ የሚሻለው አለ? መቼ? የት ተቀምጦ? አለ ከተባለ ጭሱ እስኪፈተሽ ድረስ ያችን መኪና ሰው አይሳፈርባት።

አራተኛ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ በራፍ ላይ፣ በሜዳ፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ አድምጡ፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጥላሸት ፈልጉ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥታችሁ በፍጹም አትፈትሹ።

አምስተኛ፣ ሰው መኪና ውስጥ ራሱን ቢያዞረው ወዲያው አቁሙ፣ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ካልተሻለው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ «የመኪና ጭስ ሊሆን ይችላል» ብላችሁም ንገሩ። ሐኪሙ ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

ወንድሜ፣ ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ያሳፈረህ ነፍሱን ነው። ታሪፍ ቢከፍልም ባይከፍልም አማና ነው። እሱ ከመኪናህ ወለል ሥር ምን እንዳለ አያይም፤ የሚያየው አንተን ነው። ነገ ሰው ሳትጭን በፊት ግማሽ ሰዓት ስጠው።

አሮጌ መኪና የሚነዳ ወንድም ወይም አባት ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት። አላህ መንገዳችሁን ሰላም ያድርገው።